የሶሲ ጀርባ

አዳማ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠዓሊ ዲበኩሉ
ቡልቡላ (ወይም ውሃው ወዳለበት)

ጉዳዩ፦ ከባድ መርዶ ስለማሰማት

ክቡር ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ። ተቀምጠው ከሆነ የሚደገፉት ነገር ይፈልጉ። እኔ አማኑ ንዋይ፣ የእርስዎ ደቀ መዝሙር፣ በባጃጅ ኋላ ላይ ጥቅስ ጻፊ፣ ከአሥረኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ (በዳይሬክተሩም ፈቃድ) የተሰናበትኩት፣ እንባዬን እየጠረግኩ የማረዳዎት ዜና የሚከተለው ነው፦ አባቴ አቶ ንዋይ ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ተጠርተው ዶሮ ወጥ ሳይቀምሱ ቤታቸው ገብተዋል።

ሳቁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ሠርጉ የነበረው እርስዎ ሥዕል በሰቀሉበት ሆቴል ነው። አባባ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ ሶሲን አገኛት። ኅዳር ላይ ተሻለች ባከራየችዎት ክፍል ውስጥ በከሰል የሳሏትን። ጀርባዋን ብቻ፣ እርቃኑን፣ ከአንገቷ እስከ ወገቧ። ፊት የለው፣ ስም የለው። «ሰው ከጀርባው አይታወቅም፤ አዳማ ላይ ሞዴል የማገኘው በዚህ ዘዴ ነው» ይሉን አልነበር? እውነትዎን ነው፤ ተሸካሚው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጎሚስታው፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውዎት ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም አልታወቁም። ግን ጋሼ፣ እማዬ ስትሞት ታናሽ እህቴ ሶሲ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያጠባት አባባ ነው። እርስዎ በከሰል የሚያውቁትን ጀርባ እሱ በሳሙና ነው የሚያውቀው።

አልጮኸም። ቆሞ አየ፣ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶሲን አያናግራትም። ጨው ሲፈልግ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለእሷ እነግራታለሁ፣ ጨውም በእኔ በኩል ያልፋል። የመንግሥታቱ ድርጅት አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እሷ ግን መሳቅ ትታለች። ትናንት ሰሃን እያጠበች «አባባ ካላናገረኝ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አለች። ሶሲ ደግሞ እንደ እኔ አይደለችም፤ ያለችውን ታደርጋለች።

ስልክዎ ዝግ ነው። መርዳሳ፣ ያው ቡልቡላ የሚመላለሰው ሚኒባስ ረዳት፣ «ሐይቅ ውስጥ ወርውሮታል» ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን በእሱ ልኬያለሁ። ቶሎ ይምጡልን።

አማኑ

ግልባጭ፦ ለመርዳሳ (መንገድ ላይ ስለሚከፍተው)


ቡልቡላ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አማኑ፣

እንደምን ከረማችሁ? አባትህስ? እህትህስ? ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ሌላ የደብዳቤ አጀማመር ስለማላውቅ ነው የጠየቅሁት፤ ይቅር በለኝ።

ስልኬን ሐይቅ ውስጥ አልወረወርኩትም። ሐይቁ ለመወርወር ይርቃል። አምና አብያታን የሳልኩበት ድንጋይ አሁንም አለ፤ ውሃው ግን ከድንጋዩ ሸሽቶ ሩቅ እንደተሰመረ መስመር ሆኗል። በመካከሉ ነጭ አፈር አለ፣ ሲረግጡት እንደ ቅርፊት የሚሰበር። ጠዋት ማቆሚያዬን እተክላለሁ፣ ሸራዬን እዘረጋለሁ፣ ቀትር ላይ ነጭ ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። አንደኛው ትናንት «ገና አልጀመርክም?» አለኝ። ጨርሼ ነበር።

ሶሲን አስፈቅጃታለሁ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። አባትህን ግን አላሰብኳቸውም። በዕድሜዬ ከሳልኩት ሁሉ የሚሻለው እሱ ስለነበር ሰው እንዲያየው ፈለግሁ። ይኸው ታየ።

አሁን ብመጣ ምን እላለሁ? ሰው መሳል እጄ እምቢ ብሎኛል። ለዚህ ነው ወደ ውሃው የመጣሁት፤ ውሃው ደግሞ እሱም ሄደ። እስቲ አንድ ሁለት ሸራ ልጨርስና እንነጋገር። አባትህ ምን እንዳሉ በደንብ ጻፍልኝ። ሥዕሉስ ወረደ?

ዲበኩሉ


አዳማ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሦስታችንም በየክፍላችን ደህና ነን።

ሥዕሉ አልወረደም። ሄጄ «አውርዱልኝ» ብዬ ነበር፤ አስተናጋጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ማን ነህ?» አለኝ። «የጀርባዋ ወንድም ነኝ» አልኩት። ጥበቃ ጠራብኝ።

አባባ ምን አለ ላሉኝ፣ ምንም አላለም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ይቺን አይሳቁባት። አባባ እሁድ ከቸርች ሲመለስ የሳሎን ወንበሮችን አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ያወጣል። እኔን አያዝዘኝም፣ ራሱ ነው። ይደረድራቸዋል፣ በክንዱ አቧራቸውን ያብሳል፣ ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል። ሲጨልም መልሶ ያስገባቸዋል። መጀመሪያ ጊዜ «እንግዳ አለ እንዴ?» ብዬው ነበር። «ቤቱ ይናፈስ ብዬ ነው» አለኝ። በየሳምንቱ እሁድ ቤታችን ይናፈሳል።

ሽማግሌ እየጠበቀ ነው፣ ጋሼ! የዚህን ሰፈር ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቀው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው በረንዳ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ቆሟል። አሁን ለእሱ ማን ይቆማል ብሎ እያየ ነው። «ላኩብኝ» አይልም፤ አይባልማ! የሚልከው የበደለው ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ይዘው ይምጡ፣ «አጥፍተናል፣ ሳንነግርዎት ሳልናት» ይበሉ። አባባ ለወጉ ትንሽ ይኮሳተራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «ተቀመጡ» ይላል። ሻይ ይመጣል። በሚቀጥለው ቀን ሶሲን «ጨው አምጪ» ይላታል፣ እኔም ከሥራ እፈናቀላለሁ።

ሶሲ እርስዎን አልተቀየመችም፤ «እህትህስ?» ስላሉኝ ነው የምነግርዎት። ምሳዋን ጓዳ ቆማ ነው የምትበላው። ከነርስነት ትምህርቷ ተመርቃ ቤት ናት። «ጋሽ ዲበኩሉ ይመጣል?» ስትለኝ «መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ። መንገዱ ረዘመ።

ይምጡ እንጂ! አፈር ይቅርታ አይሰጥም፤ አባባ ግን ይሰጣል።

አማኑ


ቡልቡላ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አማኑ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። መርዳሳ ደብዳቤህን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ረስቶት ዛሬ ነው ያመጣልኝ። ምነው ባላመጣው።

ባለፈው እሁድ መጥቼ ነበር።

ማንንም አልያዝኩም፣ ብቻዬን ነበርኩ። ምን እንደምል ከመቂ ጀምሮ በልቤ ሳጠና ነው የመጣሁት። በራችሁ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ ሳደርገው በረንዳው ላይ ወንበሮች ተደርድረው አየሁ፤ ከጥጉ አባትህ ሱፍ ለብሰው ተቀምጠዋል። እንግዳ የሚጠብቁ መሰለኝ። የሰው ድግስ ላይ ነውር ይዤ እንዴት ልግባ? አባትህ ቀና ብለው አዩኝ። መልኬን አያውቁትም። «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ተሳስቼ ነው» አልኳቸው።

«ምንም አይደል» አሉኝ። በሩን ራሴ ዘግቼ ተመለስኩ።

አሁን ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ወንበሮቹ ለእኔ እንደነበሩ ካወቅሁ ወዲህ እግሬ ጭራሽ ታሰረ። ደግሞስ ማንን ይዤ ልምጣ? ዘመድ አዳማ ላይ የለኝም። አስብ አስብና የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ ጀርባ ናቸው። ለዓመታት አስቀምጬ ስስላቸው አንዳቸውንም «ቤትህ የት ነው? ልጆች አሉህ?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ካወሩ ይንቀሳቀሳሉ። ለእኔ ብሎ የሚቆም ሁለት ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ አማኑ።

ለሶሲ መንገድ ላይ ነው አትበላት።

ዲበኩሉ


አዳማ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታ የለኝም፤ ተናድጃለሁ።

በር ድረስ! አባባ እኮ ነገረን። «ዛሬ አንድ ሰው ቤት ተሳስቶ ገብቶ ነበር፤ ያሳዝናል፣ ፊቱ ደክሞታል፣ ውሃ ልስጠው ሳልል ሄደ» አለን። ለእኔ ነው ያለው፤ ሶሲ በጓዳ በኩል ሰማች። እኔ ደግሞ «ሰካራም ይሆናል» አልኩ። ይቅርታ።

ሶሲ ለፋሲካ ትጠብቃለች። ከፋሲካ በኋላ አትጠብቅም። አክስታችን እንቁ ሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ አለች፤ እዚያ አንድ ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል ብላታለች።

ሰው የለኝም ካሉ ሰው እኔ አገኝልዎታለሁ። አዳማ ላይ ብዙ ነገር ይጠፋል፣ ውሃም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፤ ሽማግሌ ግን አይጠፋም። እርስዎ እዚያው ነጭ አፈርዎን ይሳሉ።

አማኑ

ግልባጭ፦ ለመርዳሳ፦ ይቺንም ኪስህ ውስጥ ብትረሳት ሚኒባስህ ላይ የምጽፈውን አውቃለሁ።


አዳማ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

«ማን ላካቸው? በማን ስም ሄዱ?» ብለው በመርዳሳ በኩል በጠየቁኝ መሠረት እመልሳለሁ። እኔ ላክኋቸው። በእርስዎ ስም ሄዱ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ ወረፋ ይያዙ፤ ከፊትዎ ብዙ ሰው አለ።

አንደኛው ኦቦ ጫላ ናቸው፣ የመርዳሳ አጎት። ጸጥ ያሉ፣ ባርኔጣ ያላቸው። ሁለተኛው ጋሽ ሰይፈሚካኤል፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ከዘራቸው የተወለወለ፣ ድምፃቸው ፉርጎ የሚጎትት። በአዳማ የእሳቸውን ያህል ለሽምግልና የቆመ የለም ተባልኩ። ባጃጅ ውስጥ አስቀምጬ ጉዳዩን ከመናኸሪያ እስከ ሰፈራችን አስረዳኋቸው። «ይቅርታ ነው፤ የሥዕል ነገር ነው፤ ሠዓሊው አሞት ነው ያልመጣው» አልኳቸው። «ገብቶናል ልጄ፣ አታድርቀን» አሉኝ ጋሽ ሰይፈሚካኤል።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። አባባ ሁለቱን ሽማግሌዎች በሩ ላይ ሲያይ እንዴት እንደሆነ ብነግርዎት… ኮቱን ቆለፈ። እጁ ቁልፉን እየሳተ። ከጥር ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ኑ፣ ኑ፣ ግቡ! ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤል፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያውስ ይሰማ» አለ አባባ። እሱም አብሯቸው ቆመ። ሶሲ ከበሩ ጀርባ የሻይ ትሪ ይዛ ነበር።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዘራቸውን ወደ ግራ አዛወሩ። ከዚያ፣ ጋሼ፣ ያ ለስንት ዘመን አንድ ነገር ብቻ ሲናገር የኖረ አፍ የለመደውን ተናገረ፦

«እንግዲህ አቶ ንዋይ፣ የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጅዎን ሶሲን ለልጃችን ለዲበኩሉ እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው።»

ኦቦ ጫላ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ምን ዋጋ አለው! ባቡሩ ተነሥቷል። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ቀለም የቆጠረ ብቻ ሳይሆን ቀለም የያዘ ነው…»

«ዕድሜው ስንት ነው?» አለ አባባ።

«ኧረ ገና ልጅ ነው!»

እኔ በመካከል ገብቼ «አባባ፣ ተሳስተው ነው፣ ይቅርታ ሊሉ ነው የመጡት» አልኩ። አባባ ዞሮ አየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በቀልድ ያታለልኩት ሰው እንዴት ያምነኛል? አላመነኝም።

«ለካ ለዚህ ነው የሳላት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ሶሲን አናገራት። ከሦስት ወር በላይ ለእሷ ቃል ያልወጣው ሰው።

«አንቺ ይህን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«አታውቂም።»

እንዲህ ነው ያለው፣ «አታውቂም»፤ ሰው ውሸትን ሲደግም እንደሚለው። ሶሲ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይሄን እስክትለኝ ነው የጠበቅኩት?» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት የሻሸመኔ መኪና ላይ ሻንጣዋን የጫንኩላት እኔ ነኝ። አባባ ቤት ውስጥ ነበር። በመስኮት ይየን አይየን አላውቅም።

ቀልድ አይደለም፣ ጋሼ። ቀልድ ቢሆን ከማንም በፊት እኔ አውቀው ነበር።

አማኑ


ሻሸመኔ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አማኑ፣

ሸራዎቼን ቡልቡላ ለአከራዬ ትቼ ኩየራ ሄድኩ። ቢያንስ እሷን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው።

አክስትህ ወይዘሮ እንቁ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ገብተው ነገሯት፣ ተመልሰው መጡ። «ከሥራ ደክሟት ነው የገባችው» አሉ። «የሚሉትን ለአባቴ ይበሉለት፤ እኔ ምንም አልሆንኩም ብላለች» አሉኝ። ስሄድ ዞር ብዬ አየሁ፤ ግቢው ውስጥ የታጠበ የነርስ ጋውን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ያን ያህል ነው ያየሁት።

እንዳልከው መጀመሪያውኑ ብመጣ ኖሮ ያልቅ ነበር። አሁን ማን ያምነኛል? ብገባ የሚያዩት ሚስት ጠያቂ ነው። አንተ ግን አባትህን ታውቃለህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ አሁንም ልምጣ? በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ለመሳል ሞክሬያለሁ። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለውን ኮረብታ ጀምሬ ኮረብታው ጀርባ ሆነብኝ። ቀደድኩት።

ዲበኩሉ


አዳማ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን ነዎት? ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤዎን ተቀብዬ መልሱን ስላላወቅሁት ነው የዘገየሁት። አሁን አውቄዋለሁ፤ አይምጡ። አባባ ተቆጥቶ ስላለ አይደለም፤ የሚመጡበት ነገር ስለሌለ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አባባ «ና እስቲ፣ ሆቴሉ ድረስ ሸኘኝ» አለኝ። ዓይኑ ደከም ብሏል፣ ክንዴን ይዞኝ ነው የሄድነው። እኔ ሊቀድደው ይሆናል ብዬ አስተናጋጁን በዓይኔ እየፈለግኩ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆምን። መነጽሩን አደረገ።

«አየህ ትከሻዋን?» አለኝ።

«አየሁ።»

«ሰብሰብ አድርጋዋለች። ልጅ ሆና ከሳፋ ሳወጣት እንዲህ ታደርግ ነበር። በርዷታል።»

እኔም ስትሳል እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ሳይ የነበረው የእርስዎን እጅ ነው። እርስዎ ደግሞ ያንን ትከሻ እያዩ «እንዲህ ሁኚ፣ እንዳትነቃነቂ፣ በጣም ያምራል» ይሉ ነበር።

«እዚያ ሌላ ሰው አልነበረም?» አለኝ።

«ተሻለች ነበረች።»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ምስር ትለቅም ነበር።»

«ነጠላ ጣል የሚያደርግላት ሰው አልነበረም?»

ክንዴን ለቀቀ።

«እኔ ያን ቀን እህል አልወርድ ያለኝ ይሄን ሳይ ነው። ማንን ልጠይቅ? እሷን ብጠይቃት ተቆጣ ትላለች፤ ታፍራለች። የሳላት ሰው ቢመጣ እጠይቀው ነበር።» መነጽሩን አወለቀ። «መሳሉንስ አሳምሮ ነው የሳላት» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ደወለላት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አነሣችው። ሰላም ተባባሉ፣ እንደ ባዳ። ከዚያ «ሶሲዬ፣ ያን ጊዜ ስትሳይ በርዶሽ ነበር?» አላት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። በኋላ «አላስታውስም፣ አባባ» አለችው። «ነገ ሥራ አለብኝ» አለችና ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ይጠራል፣ አታነሣም። ለእኔ አንዳንዴ ትጽፍልኛለች፤ ስለ እሱ ከጻፍኩላት ግን መልስ የለም። ኩየራ ቤት ተከራይታለች አሉ፤ አዳማ አልመለስም ብላለች።

አባባ አይወቅስዎትም። እኔም ልወቅስዎት ተቀምጬ ቃል አጣሁ። ነውር የሚሠራ ሰው አልነበረም፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሌላ ምስጢርም የለም። የዚያ ክፍል መስኮት ክፍት ነበር፤ ብርሃን ይግባ ብለን ነው የከፈትነው። ኅዳር ነው፣ ጠዋት ነው፣ አንዲት ልጅ ትንሽ በርዷታል። አንዳችን ተነሥተን ገርበብ ብናደርገው ይበቃ ነበር። ይኸው ነው፣ ጋሼ። እንዲያው ሲያስቡት በጣም ትንሽ ጉዳይ ነበር።

አማኑ